ታሪክ ጸሐፊና ለጉዳዩ ያለው ፍቅር

አንድ ጽሑፍ መልካም ነው የሚባለው ቃሉ ስላማረ ብቻ አይደለም። ቃል ማሳመር በልምድ ይገኛል፤ ለሚጽፉበት ጉዳይ መቈርቈር ግን ከልብ ካልመነጨ በቀር ከመምህር ተቀብለው ሊይዙት አይቻልም። ለዚህ ነገር ከራሳችን የጽሕፈት ታሪክ አንድ ምስክር መጥራት ይበቃል፤ እርሳቸውም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍረው ወደ አውሮጳ ተሻገሩ፤ በዚያም ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1912 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አሥመራ ላይ በታተመው «ብርሃን ይሁን» በተባለው መድበል ውስጥ ወጣ። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ በጽኑ ታመው ከሥራ ርቀው ነበር፤ ወራሻቸው ልጅ ኢያሱም ገና ወጣት ነበሩ።

ጸሐፊው ወደ ታሪኩ ከመግባታቸው በፊት ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስፈልጉትን ሦስት ነገሮች ይገልጣሉ። አሳባቸውም ባጭሩ፥ የሆነውን አስተውሎ ማየት፥ በታየውም ሳያደሉ መፍረድ፥ የታየውንና የተፈረደውን በጠራ ቋንቋ ማስረዳት ነው። ፍቅር ግን ከሦስቱ መካከል በስሙ አልተጠራም። ታዲያ የሚወድ ሰው ማድላቱ የማይቀር፥ የማያደላም ሰው ፍቅር የሌለው ነውን?

መልሱን ከጽሑፉ አካሄድ እናገኘዋለን። ዜና መዋዕል በቤተ መንግሥት የሚጻፍ ስለ ነበረ ወደ ምስጋና ያዘነብል ነበር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ግን የነገሥታቱን በጎ ሥራ ከጕድለታቸው ጋራ አብረው ጻፉ። በዚህም አላበቁም፤ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥቱ ሀብት እንዲለይ፥ ግብር በሥርዐት እንዲወሰን፥ ሕግ እንዲደራጅ ለአዲሱ ገዥ ምክራቸውን አቀረቡ። ለመንቀፍ ብቻ የተነሣ ሰው ነቀፌታውን ተናግሮ ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ለመፈለግ የሚደክም ግን የሚወድ ሰው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፥ እውነተኛ ፍቅር ጕድለትን አይሸሽግም። ስለዚህ አለማድላት የፍቅር ጠላት ሳይሆን ጠባቂው ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገና በጕልማሳነታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ፥ በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ነው። ታትሞ ባያዩትም ዛሬ የምጣኔ ሀብትን ታሪክ የሚመረምር ሁሉ ወደ እርሱ ይመለሳል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ብዕር ከማንሣትህ በፊት ራስህን ሁለት ነገር ጠይቅ፤ «ይህ ጉዳይ ቢበላሽ ይቈጨኛልን? የምወደውስ ነገር ጕድለት ቢገኝበት ለመጻፍ እደፍራለሁን?» ለሁለቱም አዎን ብለህ ለመመለስ ከቻልህ ጻፍ፤ የቃሉ ማማር ከትጋትህ ጋራ ይመጣል።