የተዳፈነ እሳት

ሰማይ ላይ ከዋክብት ጥቅጥቅ ብለው በሚታዩበት መካከል ጥቁር ጥቁር ቦታዎች አሉ። እዚያ ምን አለ? «ምንም የለም፣ ባዶ ነው» ማለት ይቀለናል። ትልቁ የከዋክብት ተመልካች ዊሊያም ሄርሸልም በ18ኛው መቶ ዓመት የሰማይ ቀዳዳ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ባዶ የተባለው ቦታ የሞላ ሆኖ ተገኘ። እንዴት?

የሚገርመው፣ ቁልፉን ያገኘው ራሱ ሄርሸል ነው። በ1800 (እ.ኤ.አ.) የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ፣ ሙቀቱ ከቀዩ አልፎ ቀለም በሌለበትም ጨመረ። ዛሬ ታህተ ቀይ የምንለው ጨረር ይህ ነው። ቁልፉና በሩ ግን እስኪገናኙ ከ150 ዓመት በላይ አለፈ።

በ1930 ሮበርት ትራምፕለር ሩቅ ያሉ የኮከብ ክምችቶች ከሚገባው በላይ ደብዝዘው ስላገኛቸው፣ በመካከሉ አቧራ መኖሩን አስረዳ። ጥቁሮቹ ደመናዎች አብዛኛው አካላቸው የሃይድሮጂን ሞለኪውል ነው፤ አቧራው ከክብደታቸው 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ግን የኮከቡን ብርሃን የሚውጠው እሱ ነው። ውጦም ዝም አይልም፤ ይሞቅና በታህተ ቀይ መልሶ ይለቀዋል። እናቶቻችን ማታ የሚያዳፍኑትን እሳት እናስብ፤ ለዓይን አመድ ብቻ ነው፣ እጅ ሲዘረጋ ግን ፍሙ ይታወቃል።

ታዲያ እጁን የዘረጋው ማነው? ተማሪ ነው እኮ! በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ኤሪክ ቤክሊን ከመምህሩ ከጌሪ ኖይገባወር ጋር ሆኖ የኦሪዮንን ኔቡላ በ2.2 ማይክሮን ሲያስስ፣ ለተራ ዓይን የተሰወረ ብርቱ ነጥብ አገኘ። ሙቀቱን 700 ኬልቪን ያህል ገምተው በ1967 አሳተሙት። በዚያው ዓመት ክላይንማንና ፍራንክ ሎው እዚያው አጠገብ ይበልጥ የቀዘቀዘ፣ በ22 ማይክሮን የሚያበራ የአቧራ ደመና አገኙ። የኮከብ መወለጃ ጓዳ ተከፈተ።

የቀረው እንቅፋት የራሳችን አየር ነበር፤ በውስጡ ያለው እንፋሎት ጨረሩን ይጋርዳል። ቴሌስኮፑም ራሱ ሞቆ ያበራል። ስለዚህ በ1983 አሜሪካ፣ ኔዘርላንድና ብሪታንያ አይራስ የተባለችውን ሳተላይት በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዘው ላኳት። ሂሊየሙ እስኪያልቅ፣ በ10 ወር ገደማ፣ 96 በመቶ የሚሆነውን ሰማይ ዳሰሰች።

እንግዲህ ሄርሸል ሰነፍ አልነበረም፤ መሣሪያው የማያየውን ነው ባዶ ያለው። እኛም ስለ ገጠሩ፣ ስለ ሽማግሌው እውቀት፣ ስለ ዝምተኛው ጓደኛችን «ባዶ ነው» ከማለታችን በፊት በምን እንደለካን እንጠይቅ።