የኮሶን አበባ የሣለው እጅ

የዱርን አበባ በበቀለበት ቦታ ተቀምጦ በውሃ ቀለም መሣል ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የተፈጠረ ጥበብ አይደለም። ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ አስቀድሞ የአንዱን አገር ዕፅዋት ለሌላው አገር ሊቅ ለማሳየት ከነበሩት መንገዶች ዋነኛው ይህ ነበር። የተቆረጠ አበባ ይጠወልጋል፤ በወረቀት መካከል ተጭኖ የደረቀውም መልኩን ይለውጣል። የውሃ ቀለም ግን ለመንገደኛ ሸክሙ ቀላል፥ መድረቁም ፈጣን ስለ ሆነ፥ ሠዓሊው አበባው ሳይጠወልግ መልኩን ሊቀዳው ይችላል።

ለዚህ ጥበብ በአገራችን ታሪክ አንድ ምስክር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1769 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ሊፈልግ ምፅዋ ሲደርስ፥ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው አብሮት ነበር። ባሉጋኒ በ1737 የተወለደ የሕንፃ ነዳፊ ሲሆን፥ ብሩስ በ1765 የቀጠረው በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የሮማውያን ፍርስራሾች እንዲሥልለት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ዓምድና ቅስት የለመደው እጁ ወደ ቅጠልና ወደ አበባ ተመለሰ። የተንዠረገገው የኮሶ አበባ፥ ዋንዛው፥ ቁልቋሉ፥ እንሰቱ፥ ሁሉም በወረቀት ላይ ሰፈሩ።

ባሉጋኒ አገሩን ዳግመኛ አላየም፤ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ ሲያሳትም የዕፅዋቱ ሥዕሎች አብረው ወጡ፤ የሠዓሊው ድርሻ ግን ተሸፈነ። ወደ ግሽ ዓባይ በተደረገው ጉዞ ባሉጋኒ አብሮ መሄዱን እንኳ ብሩስ አልገለጠም። ሆኖም በባሉጋኒ እጅ የተጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ሳይጠፋ ቆይቶ እውነቱን መሰከረ። ሥዕሎቹም ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ ሊቃውንት መርምረው የባሉጋኒ ሥራ መሆናቸውን በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ አስታወቁ።

ዋጊኖስ የምንለው ቁጥቋጦ በሳይንስ ቋንቋ በብሩስ ስም ብሩሴያ ተብሏል። የባሉጋኒ ስም በሥዕሎቹ ላይ በሚገባ እስኪታወቅ ግን ሁለት መቶ ዓመት ፈጀ። የብሩስ ድፍረትና ትጋት የሚካድ አይደለም፤ ነገር ግን የትልቅ ሰው ዝና የረዳቱን ድካም ሊውጥ አይገባም።

ስለዚህ፥ የዱርን አበባ ለመሣል ወደ ሜዳ የምንወጣ ተማሪዎች፥ ከሥዕሉ በታች የአበባውን ስምና የበቀለበትን ቦታ፥ ቀኑንና የሠዓሊውን ስም፥ እንዲሁም የአበባውን ስም የነገረንን የአገር ሰው አብረን እንጻፍ። ሥዕል የአበባውን መልክ ይጠብቃል፤ የሠራተኛውን ስም የሚጠብቀው ግን የጻፊው ታማኝነት ነው።