ጭላትን ማብላት (ሐረር)

ጭላትን ማብላት በሐረር ከተማ፣ በተለይም በጁገል ግንብ ውስጥ በሚገኘው የጊድር መጋላ ሥጋ ገበያ አካባቢ፣ ነዋሪዎችና እንግዶች ለዱር ጭላቶች የሥጋ ቁራጭ በእጃቸው ይዘው ወይም ወደ ላይ ወርውረው የሚሰጡበት ልማድ ነው። ወፉ አልተገራም፣ አልታሰረም፤ ከላይ ተወርውሮ ሥጋውን ነጥቆ ይሄዳል። ሐረር በይበልጥ የምትታወቀው ጅብ በማብላት በመሆኑ የጭላቱ ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ይሁን እንጂ ጅቡን ለማየት እስኪመሽ መጠበቅ ግድ ሲሆን ጭላቱ ቀኑን ሙሉ ከገበያው ጣሪያ ላይ አለ።

ስሙና መልኩ

በአማርኛ ጭላት ወይም ጭልፊት የሚባለው ስም ለአንድ ዝርያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጫጩት የሚነጥቅ መካከለኛ አዳኝ ወፍ ሁሉ በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል፤ በከተማ ደግሞ ብዙ ሰው በደፈናው «አሞራ» ይለዋል። በሐረር ሰማይ ላይ ዘወትር የሚታየው ግን በሳይንሳዊ ስሙ ሚልቩስ ሚግራንስ ከሚባለው ዝርያ የሚመደበው ባለ ቢጫ መንቁር ጭላት ነው። አንዳንድ የወፍ ሊቃውንት ይህን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው ይቆጥሩታል።

ቡናማ ሲሆን ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናሉ፤ ክብደቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ከሩቅ የሚለየው እንደ ሹካ በተከፈለው ጅራቱ ነው። ይህን ጅራት ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጣመመ እንደ መሪ ይጠቀምበታል፤ በጠባብ የጁገል ጎዳና ላይ ከግድግዳ ሳይጋጭ ታጥፎ የሚያልፈውም በዚህ ነው።

ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ ባለ ጥቁር መንቁር ጭላቶች ወደ አፍሪካ ስለሚመጡ ሁለቱ አብረው ሊታዩ ይችላሉ። በመንቁሩ ቀለም ብቻ መለየት ግን ያሳስታል፤ ያገር ቤቱ ጭላት ገና ወጣት ሳለ የእርሱም መንቁር ጥቁር ነው።

ቦታው

ጁገል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባ ግንብ ሲሆን በውስጡ ያለው ከተማ ስፋት 48 ሄክታር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጥንታዊዎቹ አምስት በሮች አንዱ በምዕራብ በኩል ያለው ሸዋ በር ነው፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። ከበሩ ውጭ ገበያ ስላለ ጭላቶች ከላዩ ሲያንዣብቡ ይታያሉ። ሥጋ የሚሸጥበት ዋናው ስፍራ ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘው ጊድር መጋላ ነው። «ጊድር» በሐረሪ ቋንቋ ትልቅ፣ «መጋላ» ደግሞ ገበያ ማለት ነው። እዚያ ከበሬና ከፍየል ሥጋ ሌላ የግመል ሥጋም ይሸጣል።

እንዴት ይበላል

የሚያበላው ሰው ከሥጋ ሻጮች ጅማትና ሞራ የበዛበት ቅንጥብጣቢ ይገዛል ወይም ይለምናል። ቁራጩን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ክንዱን ከራሱ በላይ ያነሳል፣ ወይም መዳፉን ዘርግቶ ሥጋውን ከላዩ ያስቀምጣል። ጭላቱ ብዙውን ጊዜ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ስለሚመጣ አዲስ እንግዳ የሚያውቀው ክንፉ ጆሮውን ሲነካው ነው። ወፉ የሚነጥቀው በእግሩ እንጂ በመንቁሩ አይደለም፤ ሥጋውን በጥፍሩ ጨብጦ ከፍ ካለ በኋላ እየበረረ እግሩን ወደ አፉ አቅርቦ ይበላል። ትልቅ ቁራጭ ከሆነ ጣሪያ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ሌሎቹ ሊቀሙት ይከቡታል።

ጭላት ግብዣ እስኪደርሰው የሚጠብቅ ወፍ አይደለም። ሥጋ በሳህን ወይም በዘንቢል ሳይሸፍን የሚሄድ ሰው ሊነጠቅ ይችላል፤ የገበያው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሸፍኖ ይይዛል። በአዲስ አበባም ቢሆን ከተማሪ እጅ ዳቦ የነጠቀ ጭላት ታሪክ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው።

የልማዱ ዳራ

ጭላት ከሰው ጋር መኖርን የመረጠ ወፍ ነው። አይጥ፣ አንበጣና ምስጥ ያድናል፤ ጥንብና የቄራ ትርፍራፊም ይለቅማል። ሥጋ በየቀኑ በአደባባይ የሚቆረጥበት ከተማ ለእርሱ ማለፊያ መኖሪያ ነው። የሐረር ሰው ደግሞ ትርፍራፊን ለዱር እንስሳ መተው አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ በግንቡ ላይ ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ በአሹራ ቀንም ለጅብ ገንፎ ይቀርባል። የጭላቱ ልማድ ግን እንደ ጅቡ በዓልና ትውፊት የተከበበ አይደለም፤ የገበያ ጨዋታ ነው ቢባል ይቀላል።

በሃይማኖት በኩል ጭላት ክብር የተሰጠው ወፍ አይደለም። በእስልምና ሐዲስ በሐጅ ኢህራም ላይ እንኳ ሳሉ እንዲገደሉ ከተፈቀዱት አምስት እንስሳት አንዱ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ም ከማይበሉት አዕዋፍ ጋር ተቆጥሯል። ሆኖም በአሮጌዋ ዴልሂ ሙስሊም ሠፈሮች ለጭላቶች ሥጋ ወደ ሰማይ መወርወር እንደ ምጽዋት ይቆጠራል፤ በዚያች ከተማ የተደረገ ጥናትም የጭላት ጎጆዎች በእነዚህ ሠፈሮች አቅራቢያ እንደሚበዙ አሳይቷል። በዌልስ የሚገኘው የጊግሪን እርሻም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለቀይ ጭላት በየቀኑ ሥጋ ያቀርባል።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው የሐዋሳው አሞራ ገደል ነው። እዚያ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን የዓሣ ትርፍራፊ ለመቀበል አባ ኮዳዎች ከሰው መካከል ቆመው ይጠብቃሉ።

ጥቅምና ጉዳት

ጭላቶች ትርፍራፊውን ከመበስበሱ በፊት ስለሚያነሱት ለገበያው ጽዳት ይጠቅማሉ። ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሰው ላይ፣ ሌላው በወፉ ላይ።

በሰው በኩል የሚያሰጋው ጥፍሩ ነው። የሚጫር ቆዳ የጥንብ ጀርም ሊገባበት ስለሚችል በሳሙናና በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት። ልጆች ሥጋውን በፊታቸው ትይዩ እንዲይዙ ማድረግ አይገባም፤ ጭላቱ የሚያየው ሥጋውን እንጂ ዓይናቸውን አይደለም።

በወፉ በኩል ያለው ጉዳት ቶሎ አይታይም። ቀይ ሥጋ ብቻውን ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ በማደግ ላይ ያለ ጫጩት ወላጆቹ ከአጥንት የተለየ ሥጋ ብቻ ቢያመጡለት አጥንቱ ሊላላና ሊጣመም ይችላል። አይጥን ከነአጥንቷ የሚበላ ጭላት ይህ አያጋጥመውም። በእንግሊዟ ሬዲንግ ከተማ ከ20 ቤቶች ወደ 1 የሚጠጉት በግቢያቸው ለቀይ ጭላት ሥጋ እንደሚያስቀምጡ በጥናት ከተገኘ በኋላም ዋናው ክርክር ይኸው ነበር። ጨው ወይም ቅመም የነካው ሥጋም ለወፍ አይሰጥም።

ከሁሉ የከፋው መርዝ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት በሥጋ ውስጥ የሚደረገው ስትሪክኒን የውሻውን ሬሳ የበላውን አሞራም ይገድላል። ጭላት ገና ብዙ ነው፤ አብሮት በቄራ ዙሪያ የሚለቅመው ትንሹ ጥንብ አንሳ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ይህ ወፍ በቀጭን መንቁሩና በላባ አልባ ፊቱ ይታወቃል፤ ሲቆጣ ወይም ሲሻማ ፊቱ ይቀላል። በእስያ ለከብት ሕክምና የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት የሦስት ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ ስለቀነሰው ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከልክላለች።

በግቢ ውስጥ

ጭላትን ወደ መኖሪያ ግቢ ማልመድ፣ በተለይ ዶሮ ላለው ሰው፣ አይመከርም። የሐረሪ ቤት ከውጭ በግድግዳ የታጠረ ውስጠ ግቢ ስላለው ለትናንሽ ወፎች ግን ምቹ ነው። ጥቂት ጥሬ ማሽላ ወይም ስንዴና ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳህን ርግብን፣ ዋኖስንና ድንቢጥን ያመጣል። በግድግዳ ቀዳዳና በጣሪያ ሥር ጎጆ የሚሠራው ግራጫ ራስ ያለው ድንቢጥ በአፍሪካ ቀንድና በአካባቢው ብቻ የሚገኝ ነው። ሳህኑ በየቀኑ መታጠብ ይኖርበታል፤ የወፍ በሽታ በቆሸሸ ሳህን ይተላለፋል። ውኃው በበጋ ከጥሬው ይልቅ ብዙ ወፍ ይስባል።

ምልከታና ምዝገባ

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ መስክ ይሠራል። ማንኛውም ሰው ያየውን ወፍ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ኢበርድ በተባለው ነፃ የስልክ መተግበሪያ መመዝገብ ይችላል። መተግበሪያው በአሜሪካ የኮርኔል የወፍ ጥናት ማዕከል የሚተዳደር ነው። በጊድር መጋላ ለሚቆጥር ሰው አንድ ችግር አለ፤ ያው ጭላት ዞሮ ስለሚመለስ ደጋግሞ ይቆጠራል። ስለዚህ የሚጻፈው በአንድ እይታ አብረው የታዩት ትልቁ ቁጥር ነው።