አዋሽን የቆረቆራት የባቡሩ አዳር

አዋሽ ሰባት ኪሎ በዚያ ሐሩር ላይ ለምን ከተማ ሆነች ሲባል የተለመደው መልስ «ባቡር ስላለፈባት» ነው። መልሱ ግን ጎዶሎ ነው፤ ባቡሩ በአፍደምና በሙሉም አልፏል፣ ጣቢያም ነበራቸው፣ እንደ አዋሽ ግን አልገነኑም። አዋሽን የለያት ባቡሩ ያድርባት የነበረ መሆኑ ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የጅቡቲ–አዲስ አበባውን ባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተካና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና ከ780 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድር ነበር። ሲመሽ የደረሰ ሰው ራት ይፈልጋል፣ አልጋ ይፈልጋል፣ ጠዋት ከመሳፈሩ በፊት ቁርስ ይፈልጋል። ከሐዲዱ አጠገብ የቆመው የአዋሽ ቡፌ የተባለው ሆቴል የዚህ ፍላጎት ልጅ ነው።

«ከተማዋን ያቆያት ባቡሩ ሳይሆን የአስፋልቱ መንገድ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው፤ ሊቶሪና የሚባለው ፈጣን የመንገደኛ ባቡርና የናፍጣ ባቡር መጥተው ጉዞውን ካሳጠሩት፣ ኋላም አሮጌው መስመር ከቆመ ወዲህ አዋሽ የምትኖረው በከባድ መኪናው ነው። ይህ ግን ነገሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ሾፌሩም እዚያ ስለሚያርፍ፣ ስለሚበላና ስለሚያድር ነው ከተማዋ የቀጠለችው። «ታዲያ የሦስት ቀን ጉዞ ይመለስ?» ቢባል፣ አይመለስ። ፍጥነት የሚጠላ ነገር አይደለም፤ የሚያሳስበው ጣቢያው ከሰው መራቁ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አዲስ አበባ ላይ መንገደኛ የሚጭነው እንደ አሮጌው የለገሀር ጣቢያ ከከተማው መሐል ሳይሆን ከዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው።

ይህ የጣቢያ ጉዳይ ለሰሜን ሸዋው የመንዝ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ የታቀደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ከመንዝ ደጋ በስተምሥራቅ ያለውን ቆላ ይዞ ይሄዳል። በመንዝ ደጋ እስከ ዘመሮ ከተማ ድረስ ላለው ገበሬና ነጋዴ ዋናው ጥያቄ ሐዲዱ መዘርጋቱ ብቻ አይደለም፤ ባቡሩ የት ይቆማል፣ ከደጋው ወደዚያ የሚያወርድ መንገድስ ይኖራል ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ ካልተሟሉ ለደጋው ሰው የሚተርፈው የባቡር ፉጨት መስማት ብቻ ነው።