ጀርመን ሼፐርድና ጀርመናዊነት

ጀርመን ሼፐርድ («የጀርመን እረኛ») በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጀርመን በግ ጠባቂ ውሾች የተገኘ፣ ዛሬ በዘበኝነት፣ በፖሊስ ሥራና ዓይነ ስውራንን በመምራት የታወቀ የውሻ ዝርያ ነው። የአገር ስም ስለ ተሸከመ ብዙዎች ታማኝነቱንም ቁጣውንም የጀርመን ሕዝብ ጠባይ አድርገው ያዩታል፤ ጀርመናውያን ራሳቸውም ከማንነታቸው ጋር አያይዘውታል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ጀርመናዊነቱ በማኅበር፣ በመዝገብና በስም የተሰጠው፣ ሲያስፈልግም የተነጠቀው ነገር ሆኖ ይገኛል።

የዝርያው መሥራች ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 በካርልስሩህ በተደረገ የውሾች ትርዒት ላይ አንድ ውሻ ዓይኑን ሳበውና ገዝቶ «ሆራንድ ፎን ግራፍራት» ብሎ ሰየመው። በዚያው ወር የዝርያው ማኅበር ተመሠረተ፤ ሆራንድም በዘር መዝገቡ በቁጥር 1 ሰፈረ። ከዚያ በፊት አንድ ወጥ የሆነ «የጀርመን» እረኛ ውሻ አልነበረም። የቱሪንጊያ ውሾች ጆሮአቸው የቆመ፣ የቩርተምበርግ ውሾች ደግሞ ገዘፍ ያሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ አውራጃ ለመሬቱና ለበጉ የሚስማማውን ያራባ ነበር። ጀርመን ራሷ አንድ መንግሥት የሆነችው በ1871 ነው። አውራጃዎቹ በአንድ ዘውድ ሥር በተሰበሰቡበት ዘመን ውሾቹም በአንድ መዝገብ መሰብሰባቸው የሚያስገርም አይደለም። የበግ እርባታ እየቀነሰ ሲሄድ ስቴፋኒትስ ውሻው ሥራ ፈት እንዳይሆን ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት አቀረበው፤ እረኛው ዘበኛ የሆነው እንዲህ ነው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ውሻው ሳይለወጥ ስሙ ተለወጠ። ብሪታንያ ከአልዛስ ግዛት ስም ወስዳ «አልሴሽን» አለችው፤ የጀርመን ስሙ በይፋ የተመለሰለት በ1977 ነው። አሜሪካ «ጀርመን» የሚለውን ቆርጣ «እረኛ ውሻ» ብቻ ብላ ጠራችው፤ እስከ 1931 ድረስም በዚሁ ቆየች። በ1918 ከሎሬን የጦር ሜዳ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ያነሳው ቡችላ፣ ሪን ቲን ቲን፣ በሆሊውድ ፊልሞች ገነነ፤ ጀርመንን የወጋ ሕዝብ የጀርመንን ውሻ ወደደ። ናዚዎች ደግሞ በተቃራኒው ጀርመናዊነቱን አጋነኑት። ሂትለር ብሎንዲ የምትባል ሼፐርድ ነበረችው፤ በማጎሪያ ካምፖችም ውሾች እስረኞችን ለማሸበር ዋሉ። ስቴፋኒትስ ስለ ዝርያው በጻፈው መጽሐፍ የውሻን ዘር ንጽሕና ከሰው ዘር ጋር አያይዞ መጻፉም ሊሸፈን አይገባም። ይሁንና በ1916 በኦልደንቡርግ ከተማ በጦርነቱ ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች መሪ ውሾች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ለሥራው የታጨው ይኸው ዝርያ ነበር። የካምፑን ዘብና የዓይነ ስውሩን መሪ አንድ ደም ካፈራቸው፣ የሁለቱን ልዩነት በደማቸው ማስረዳት አይቻልም።

«ጠባይ በዘር ይወረሳል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ንቃት፣ ትእዛዝን ቶሎ መያዝ፣ መንጋን ዞሮ መጠበቅ በምርጫ እርባታ ጸንተዋል። የሚወረሰው ግን ችሎታው ነው፤ ችሎታው በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ገመዱን የያዘው ሰው ነው። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ጀርመናዊ ወይም የጀርመን ተወላጅ የሆነ ሰው በውሻው በኩል ከአያቶቹ አገር ጋር መያያዙ ሐሰት ነውን? አይደለም። ከአገሩ የራቀ ሰው የሚያስታውስበት ነገር ይፈልጋል፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ትስስሩ ከሰውየው ትዝታ የመጣ እንጂ ከውሻው የሚመነጭ አይደለም። በብዙ አገር ጀርመናዊ ያልሆኑ አሠልጣኞች ውሾቻቸውን በጀርመንኛ «ዚትስ»፣ ማለትም ተቀመጥ፣ እያሉ ያዛሉ፤ ይህ አሠልጣኙን ጀርመናዊ አያደርገውም።

ጉዳዩ በአገራችን ለዱራሜና ለሆሳዕና ከተሞችም ሩቅ አይደለም። ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። በዚያ አገር የፖሊስ ውሻ ሲታሰብ የሚታወሰው ጀርመን ሳይሆን የአፓርታይድ የዘር መድልዎ አገዛዝ ነው። አገዛዙ ካከተመ በኋላ እንኳ፣ በ1998፣ ስድስት ነጭ ፖሊሶች ውሾቻቸውን በሦስት የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ ለቅቀው ሲያስነክሱ በፊልም ተቀርጸዋል፤ ፊልሙ በ2000 በቴሌቪዥን ሲታይ አገሩ በቁጣ ተናወጠ፤ ፖሊሶቹም ለፍርድ ቀረቡ። ለስደተኛው የዚያ ውሻ ትርጉም ለሙኒክ ቤተሰብ ካለው ትርጉም ጋር አይገናኝም፤ ሁለቱም ግን ከሕይወት የተገኙ ናቸው።

ጀርመናዊነቱ በመዝገብና በስም የተሰጠ ከሆነ፣ ለግቢው ቡችላ የሚገዛ ሰውም ለ«ንጹሕ የጀርመን ዘር» ተብሎ የሚጠየቀውን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የቡችላውን እናትና አባት ጤና ይጠይቅ። ዝርያው በዘር በሚተላለፍ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይታወቃል፤ የጀርመኑ ማኅበር ራሱ የማራቢያ ውሾች ዳሌ በራጅ እንዲመረመር ያስገድዳል።