የእሳተ ገሞራ ፒኤችዲ፦ «ፉሊ ፈንድድ» ሲባል ምኑን ነው የሚሸፍነው?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ የተራራውን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፣ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ እስከ ህንድ ደርሶ በረራ አሰረዘ። አፍዴራ አካባቢ ደግሞ የከብቱ ግጦሽ አመድ ለበሰ።

ከዚያ ወዲህ «ይሄን ነገር ማጥናት ይቻላል? ስኮላርሺፕስ አለው?» የምትሉን አላችሁ። አለው። ግን እንደ ለመዳችሁት ስኮላርሺፕ አትዩት፤ ከስኮላርሺፕ ይልቅ ለሥራ ቅጥር ይቀርባል። ርዕሱ፣ ሱፐርቫይዘሩና ገንዘቡ አስቀድሞ ተወስኖ ነው ማስታወቂያው የሚወጣው። እናንተ የምትወዳደሩት ለዚያች አንዲት ቦታ ነው።

ሥራውስ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «መቼ እንደሚፈነዳ መተንበይ» ይመስለዋል። የአደጋ ግምገማ ግን ከዚያ ይሰፋል፦ የመፈንዳት ዕድሉ ስንት ነው፣ ቢፈነዳ አመዱና ላቫው የት ይደርሳል፣ እዚያስ ማን ይኖራል? ሃይሊ ጉቢ ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ስለመፈንዳቱ የተመዘገበ ነገር አልነበረም። ተራራው ተኝቶ ስለኖረ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በቅጡ ያጠናው ሰው ስላልነበረም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱ ተማሪ የድሮ አመድ ንጣፍ ይቆፍራል፣ ሌላው መሬቱ ማበጡን በሳተላይት ይለካል፣ ሌላው በንፋስ መረጃ የአመዱን ጉዞ በኮምፒውተር ያሰላል። ጂኦሎጂ ያልተማራችሁ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የጨረሳችሁም ቦታ አላችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ብሩ። እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ለተማሪ የሚከፍለው ዝቅተኛ የኑሮ ድጎማ በ2025/26 የትምህርት ዘመን በዓመት 20,780 ፓውንድ ነው። ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው የትምህርት ክፍያው ላይ ነው፦ አንዳንዱ ማስታወቂያ የሚሸፍነው የአገሬው ተማሪ የሚከፍለውን ያህል ብቻ ነው፤ የውጭ ተማሪ ክፍያ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ልዩነቱን ማን ይከፍላል? ማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ በኢሜይል ጠይቁ። ሌላም አለ። ለቪዛ ስታመለክቱ የጤና ክፍያ በዓመት 776 ፓውንድ፣ የሁሉም ዓመት በአንዴ ይጠየቃል። አራት ዓመት ከሆነ ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ ማለት ነው። የሚመልሱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ዕድሉን አግኝቶ እዚህ ላይ መቅረት ያንገበግባል።

«ኮምፒቲሽን ፈንድድ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ገንዘቡ ገና በእጅ አልገባም፤ ከሌሎች ፕሮጀክቶች ጋር ተወዳድሮ ነው የሚገኘው።

ኖርዌይ ይለያል። እዚያ የፒኤችዲ ተማሪ ተቀጣሪ ነው፤ ደሞዝ ያገኛል፣ ግብር ይከፍላል። ጀርመንም ብዙው እንደዚያ ነው፣ ብቻ ደሞዙ የሙሉ ሰዓት 65 ወይም 75 በመቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ማስተርስ ይፈልጋሉ። የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ኩሪ ዜግነት አይገድብም፤ የሚጠይቀው ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖራችሁን ነው። ከዚህ ለሚያመለክት ቀላል ነው።

እና ለሱፐርቫይዘር ስትጽፉ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ማንኛውንም ዕድል እፈልጋለሁ» የሚለውን ተዉት። የሱን አንድ ጽሑፍ አንብቡ፣ ከናንተ የመመረቂያ ሥራ ጋር የሚያገናኘውን በአምስት መስመር ጻፉ። ስለ አሉቶ ወይም ስለ ኮርቤቲ የሠራችሁት ነገር ካለ አስቀድሙት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ ተቋማት ሪፍትቮልክ በተባለው ፕሮጀክት እነዚህኑ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች አብረው አጥንተዋል። ፕሮፌሰሮቹ ስማቸውን ያውቁታል።

«ቦታ አስይዝልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ብሎክ አድርጉት፤ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ነው የሚመርጠው።

የእንግሊዝ ፕሮጀክቶች ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት ጀምሮ ይወጣል፣ ዴድላይኑ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ትራንስክሪፕትና ፓስፖርት ያልያዛችሁ ከክረምቱ ጀምራችሁ ተሯሯጡ።