ቁጥር 76፦ በወረራ ዘመን ሻንጋይ ማን ለማን ሰለለ?

ሰሞኑን አንድ የቆየ ፊልም ዳግመኛ ተመለከትሁ። የታይዋን ተወላጁ አንግ ሊ በ2007 ሠርቶት በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ የተሸለመበት «ምኞትና ጥንቃቄ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ቲያትር የሚወዱ ጥቂት ተማሪዎች ለጃፓን ያደረን አንድ የደኅንነት ሹም ለመግደል ያሤራሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ የነጋዴ ሚስት መስላ ትቀርበዋለች። በመጨረሻ በአንድ ጌጣጌጥ መደብር ውስጥ ወጥመዱ ሊዘጋ ሲል ግን ልቧ ይከዳትና እንዲሸሽ ትነግረዋለች። ሰውዬው ያመልጣል፤ እርሷና ጓደኞቿ ይረሸናሉ።

ፊልሙ የተቀዳው ዣንግ አይሊንግ ከጻፈችው አጭር ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ ለጉዳዩ እንግዳ አልነበረችም፤ በ1944 ያገባችው ሰው ጃፓኖች ላቆሙት መንግሥት በፕሮፓጋንዳ ሹምነት ያገለገለ ነበር። ተመልካቹ በፍቅሩ ተመስጦ ሲከራከር ግን ከጀርባው ያለው እውነተኛ ታሪክ እየተዘነጋ ይሄዳል። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ሻንጋይ ያኔ ምን ትመስል ነበር? ጃፓኖች ከሦስት ወራት ውጊያ በኋላ በኅዳር 1937 ከተማዋን ሲይዙ፣ ምዕራባውያን የሚያስተዳድሩትን ዓለም አቀፍ ሠፈርና የፈረንሣይን ሠፈር ሳይነኩ ተዉአቸው። በወረራ ባሕር የተከበበ ደሴት ተፈጠረ፤ ቻይናውያንም «ብቸኛዋ ደሴት» ይሏት ነበር። እስከ ታኅሣሥ 1941 ድረስ የቺያንግ ካይ ሼክ ሰላዮች፣ ኮሚኒስቶች፣ ጃፓኖችና የጃፓን ሎሌዎች በአንድ ጎዳና ላይ ይተላለፉ ነበር። በዚያ ላይ ዋንግ ጂንግዌይ በታኅሣሥ 1938 ከቾንግቺንግ ኮበለለና በመጋቢት 1940 ናንጂንግ ላይ በጃፓን ጥላ ሥር መንግሥት አቋቋመ። ይህ ሰው በ1910 የቺንግን ሥርወ መንግሥት እንደራሴ በቦምብ ሊገድል ሞክሮ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት አብዮተኛ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ቻይናውያን እንደርሱ ያለውን «ሃንጂየን» ይሉታል፤ በእኛ አፍ «ባንዳ» መሆኑ ነው።

የዋንግ የስለላ ድርጅት መቀመጫው ጄስፊልድ ጎዳና ቁጥር 76 ነበር። የሻንጋይ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሲሰማ ይንቀጠቀጥ ነበር። አለቆቹ ዲንግ ሞትሱንና ሊ ሺቹን ሲሆኑ ሁለቱም መጀመሪያ ኮሚኒስቶች፣ ቀጥሎ የቺያንግ ሰዎች፣ በመጨረሻም የጃፓን አገልጋዮች ነበሩ። ጌታ መለወጥን ልብስ የመለወጥ ያህል ለምደውታል ማለት ይቻላል።

ለፊልሙ መነሻ ሆነች የምትባለው ጄንግ ፒንግሩ ይህን ዲንግን ነበር ለማጥመድ የተላከችው። አባቷ ቻይናዊ የሕግ ሰው፣ እናቷ ጃፓናዊት ናቸው። በ1937 የታዋቂው «ሊያንግዮ» መጽሔት ሽፋን ላይ ፎቶግራፏ ወጥቶ ነበር። በታኅሣሥ 1939 ፀጉራም ካፖርት ግዛልኝ ብላ ዲንግን ወደ አንድ መደብር ይዛው ገባች፤ ገዳዮቹ ውጭ ይጠብቃሉ። ዲንግ አጠራጣሪ ሰዎችን በማየቱ በድንገት ሮጦ ወጣና ጥይት የማይበሳው መኪናው ውስጥ ገባ፤ ተኩሱ ዘገየ። እርሷ ተይዛ በየካቲት 1940፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለች፣ ተረሸነች። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሰውዬውን ያዳነው ንቃቱ እንጂ የሴቲቱ ፍቅር አልነበረም። ፊልሙ በ2007 ሲወጣ አሜሪካ የምትኖር እህቷ በአደባባይ መቃወሟ የሚያስገርም አይደለም። ፊልሙ ልብ ወለድ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ሟቿ ግን ሌላ ጠበቃ የላትም።

የስለላ ፊልሞች ሌላም የሚዘሉት ነገር አለ። የዋንግ መንግሥት በጥር 1941 የራሱን ባንክ ከፍቶ አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ፣ የሁለቱ ወገን ነፍሰ ገዳዮች በባንክ ሠራተኞች ላይ ዘመቱ። የቾንግቺንግ ሰዎች የአዲሱን ባንክ ሰዎች ሲመቱ፣ የቁጥር 76 ሰዎች ደግሞ ለበቀል በመጋቢት ወር የተቀናቃኙን ባንክ ጸሐፊዎች ከተኙበት መኖሪያ ቀስቅሰው ረሸኗቸው። ፖለቲካ የማያውቁ፣ ደመወዝ ጠባቂ ሰዎች ነበሩ። የእነርሱን ፊልም የሠራ ዳይሬክተር እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሊ ሺቹን በመስከረም 1943 በራሳቸው በጃፓኖች ተመርዞ ሞተ። ዲንግ በጦርነቱ ማብቂያ ወደ ቺያንግ ሰዎች ተመልሶ መልእክት ሲለዋወጥ ቢቆይም በ1947 ከመረሸን አልዳነም። ፍርዱ ለእነርሱ ተገቢ ነበር ልንል እንችላለን። ነገር ግን በዚያው ቤት ደጅ የተመላለሰች አንዲት ሌላ ሴትም ነበረች።

ገጣሚዋ ጓን ሉ በ1939 ከኮሚኒስት ፓርቲዋ በተሰጣት ትእዛዝ ሊ ሺቹንን ትቀርብ ጀመር። በኋላም ጃፓኖች በሚያሳትሙት የሴቶች መጽሔት ሠራች፤ በ1943 በቶኪዮ የደራስያን ጉባኤ ተገኘች። ወዳጆቿ ፊት ነሷት፤ ጋዜጦች ባንዳ አሏት። እኛ «የውስጥ አርበኛ» የምንለው መሆኗን የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከእነርሱ ዋነኛው የስለላ አለቃዋ ፓን ሃንየን ነበር። ፓን በ1943 በሊ ሺቹን አማካይነት ከዋንግ ጂንግዌይ ጋር ተገናኝቶ ኖሮ፣ ጉዳዩን ለፓርቲው ሳይናገር 12 ዓመት ቆየ። በ1955 ሲናገር ታሰረ፤ እርሷም ተከትላው ወኅኒ ወረደች። በ1957 ተፈታች፤ በባህል አብዮት ዘመን፣ በ1967፣ እንደገና ታሰረች። ፓን በ1977 ስሙ ሳይነጻ ሞተ።

በ2009 የወጣው «መልእክቱ» የተሰኘው ሌላው የቻይና የስለላ ፊልም ሲያልቅ የጦርነቱ ዘመን አልፏል፤ የሟቿ ሰላይ ጓደኛ በልብስ ስፌት ውስጥ በሞርስ ምልክት የተጻፈላትን ቃል ታነብባለች። ምስክር አለ፤ ቃሉም ደርሷል። ጓን ሉ ከክሱ ነጻ መሆኗ የተነገራት በመጋቢት 1982 ነበር። ያኔ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗታል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች።